ሌባው ከመምጣቱ በፊት ቁልፉን ማን ይከፍት ነበር?

ካህኑ ወደ ጨዋታው የገባው በአንድ ደም መጣጭ ምክንያት ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የምትገኘው ሴንት ፖል፣ የዴቭ አርነሰን ወላጆች ምድር ቤት። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አርነሰን "ብላክሙር" ብሎ በሰየመው ምናባዊ አገር፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚናገሩበትን ጨዋታ እየመራ ጓደኞቹን ያጫውታል። ከመካከላቸው የአንዱ ገጸ ባሕርይ ቫምፓየር ይሆንና "ሰር ፋንግ" እየተባለ ይበረታል፤ ውሎ አድሮ ሌሎቹን መግቢያ መውጫ ያሳጣቸዋል። በሰይፍ ቢሞክሩት አልተቻለም። በዚህ ጊዜ ማይክ ካር የተባለው ተጫዋች አዲስ ዓይነት ሰው ይዞ ቀረበ፤ መስቀሉን አንሥቶ ከመቃብር የተነሡ ሙታንን የሚያባርር፣ ግማሹ ቄስ ግማሹ አዳኝ የሆነ ሰው። አርአያው ከቤተ ክርስቲያን የተገኘ እንዳይመስላችሁ። በወቅቱ የእንግሊዙ ሃመር ኩባንያ ይሠራቸው በነበሩት የድራኩላ ፊልሞች ላይ ፒተር ኩሺንግ የሚጫወተው ቫምፓየር አዳኝ ነው።

የገጸ ባሕርያት መደብ እንዴት እንደሚነደፍ ከተጻፉት ምክሮች ብዙዎቹ ይህችን ታሪክ አያክሉም። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ "በመካከለኛው ዘመን ምን ምን ሙያ ነበር?" እያለ አልዘረዘረም። ጠረጴዛው ላይ መልስ ያጣ ችግር ነበር። መልሱን ይዞ የመጣው ሰው ደግሞ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላነሣውን ጥያቄ አነሣ። ተዋጊው "ምን ያህል ይርቃል? ሰይፌ ይደርሳል?" ይላል። ካህኑ "ለመሆኑ ይሄ ነገር በሕይወት ያለ ነው ወይስ የሞተ?" ይላል።

መደብ ወይም ተጫዋቾቹ እንደሚሉት "ክላስ" አንድ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ሲፈጥር የሚመርጠው የሙያ ዓይነት ነው። አዲስ ጨዋታ ለመንደፍ የሚነሣ ሰው ሥራውን ብዙ ጊዜ ከስም ይጀምራል፤ ቀስተኛ፣ ባለ ጦር፣ ባለ ሁለት ሰይፍ፣ የእሳት አስማተኛ፣ የበረዶ አስማተኛ። ከዚያ ቁጥር ይደለድላል። የእሳቱ አስማተኛ ስምንት ነጥብ ያቆስላል፤ የበረዶው ሰባት አቁስሎ ጠላትን ትንሽ ያዘገያል። ወረቀቱ ላይ አምስት መደብ አለ። ጨዋታው ሲጀመር ግን አምስቱም ተራቸው ሲደርስ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ የትኛውን ልምታ? አምስት ስም ያለው አንድ መደብ ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድን መደብ ስመዝን የጉልበቱን ቁጥር የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የማዳምጠው ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ጨዋታ መሪውን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ነው። የገጸ ባሕርዩን ስም ሳልሰማ፣ ከጥያቄው ብቻ መደቡን ማወቅ ከቻልኩ ነዳፊው ሥራውን ሠርቷል።

በጥር 1974 የጨዋታ ነዳፊው ጋሪ ጋይጋክስና አርነሰን ይህን ዓይነቱን ጨዋታ "ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" ብለው አሳተሙ። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን፣ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ። በውስጡ የነበሩት መደቦች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። የተዋጊውን ገጽ ያነበበ ሰው ያዝንለታል። ጥሩር ይለብሳል፣ የፈለገውን መሣሪያ ይይዛል፣ ከሌሎቹ ትንሽ የበለጠ ይችላል። በቃ። አስማተኛው ግን ድግምት በድግምት ነው። ታዲያ ማን ተዋጊ ይሆናል?

መልሱ ያለው ተዋጊው ገጽ ላይ ሳይሆን ሌላኛው መጽሐፍ ውስጥ፣ የሀብት ሠንጠረዡ ላይ ነው። በዋሻው ውስጥ ከሚገኙት አስማታዊ ዕቃዎች መካከል ሰይፎች ትልቅ ቦታ ነበራቸው። አንዳንዶቹ የራሳቸው አእምሮና ፈቃድ ያላቸው፣ የሚናገሩ ሰይፎች ናቸው። አስማተኛው ከጩቤ በስተቀር መያዝ አይችልም። ካህኑ ስለት ያለው መሣሪያ አይነካም። እንግዲህ የሚናገረው ሰይፍ ሲገኝ የማን እንደሆነ ክርክር የለም። የካህኑ ክልከላ ላይ ላዩን ሲታይ ደም ማፍሰስን የሚጸየፍ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ይመስላል፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሥራ ግን ለተዋጊው አጥር ማጠር ነው። በእግር ኳስ ኳስን በእጅ መያዝ የበረኛው ልዩ ችሎታ የሆነው፣ ሌሎቹ አሥሩ እጅ ስለሌላቸው አይደለም፤ ስለተከለከሉ ነው። የአንዱ ስጦታ በሌላው ክልከላ ነው የሚሠራው። ከዓመታት በኋላ የመጡት ነዳፊዎች ክልከላዎቹን "ምክንያት የላቸውም" እያሉ አንድ በአንድ ሲያነሡ ተዋጊው ለምን እየደበዘዘ እንደሄደ ግራ የገባቸው ብዙ ነበሩ። ከእሱ ምንም አልተወሰደበትም። አጥሩ ግን ፈርሷል።

ይሁን እንጂ አጥር ሁልጊዜ አይሠራም፤ የሌባውን ነገር ያየ ይህን ያውቃል።

ያው በ1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሞኒካ ከሚገኝ ኤሮ ሆቢስ ከሚባል የጨዋታ ሱቅ ለጋይጋክስ ስልክ ተደወለ። እዚያ የሚጫወቱት ሰዎች አዲስ መደብ ፈጥረዋል፤ ቁልፍ የሚሰብር፣ ወጥመድ የሚያከሽፍ፣ በጥላ የሚሸሸግ። ጋይጋክስ ሐሳቡን ወደደው፤ የራሱን ደንብ ጻፈለት፤ በ1975 በወጣው "ግሬይሆክ" በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥም አካተተው። ሰዎች ሌባውን ወዲያውኑ ተቀበሉት። ማን አይወድም? ደካማ፣ ብልጥ፣ አፈ ጮሌ።

ግን ሌባው ከመምጣቱ በፊት ቁልፉን ማን ይከፍት ነበር? ወጥመዱንስ ማን ያገኝ ነበር? ማንም። ማለትም ሁሉም። ተጫዋቹ የሚያደርገውን በቃሉ ይናገራል። "ጆሮዬን በሩ ላይ አደርጋለሁ።" "ከመርገጤ በፊት ወለሉን በእንጨት እነካካለሁ።" በ1974ቱ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ዋጋው አንድ ወርቅ የሆነ ባለ 10 ጫማ እንጨት አለ፤ ሥራው ይኸው ነበር። ጨዋታ መሪው ያዳምጣል፣ ያመዛዝናል፣ "እንጨቱ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ትንሽ ሰመጠ" ይላል። ጨዋታው የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው።

ሌባው ሲገባ ይህ ሁሉ ወደ መቶኛ ተቀየረ። ቶም ሞልድቬይ በ1981 ባሰናዳው የዚሁ ጨዋታ የጀማሪዎች መጽሐፍ ላይ የአንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ገና ጀማሪ የሆነ ሌባ ቁልፍ የመክፈት ዕድሉ 15 በመቶ፣ ወጥመድ የማግኘቱ 10 በመቶ ነው። አስቡት። የሙያው ባለቤት ከአሥር ወጥመድ ዘጠኙ ያመልጡታል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌሎቹ ላይ የደረሰው ነው። ተዋጊው እንጨቱን አንሥቶ ወለሉን ሊነካካ ሲል ጠረጴዛው ዙሪያ "ተው፣ ያ የሌባው ሥራ ነው" የሚል ድምፅ ይሰማል። ለአንዱ የተሰጠው ለሌሎቹ ቀረባቸው፤ እሱም በሚገባ አልደረሰውም።

በኋላ የመጡ አንዳንድ አንባቢዎች ደንቡን በቀና ልብ አነበቡትና ማምለጫ አገኙለት። ማንም ሰው ቀስ ብሎ መራመድ ይችላል፤ ሌባው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይራመዳል። ማንም ከግድግዳ ጀርባ ይደበቃል፤ ሌባው ጥላ ብቻ ይበቃዋል። ማንም ዛፍ ይወጣል፤ ሌባው መያዣ የሌለውን ልሙጥ ግንብ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን መቶኛው ሌላው ሰው ከሚችለው በላይ የሚጨመር ዕድል ይሆናል፤ የማንንም አይወስድም። የእኔ ድንበር እዚህ ላይ ነው። ማንም ሰው በተፈጥሮው የማይሞክረውን ነገር፣ እሳት ከጣት ማስወንጨፍን፣ ሙት ማባረርን፣ ለአንድ መደብ አጥሮ መስጠት ያምራል። ሁለት እጅና ዐይን ያለው ሁሉ ሊሞክረው የሚችለውን ግን የከለከለ ነዳፊ ያንን መደብ አሳምሮ ጨዋታውን ያደኸያል።

አስማተኛው ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መጠኑ ነው የሚያስቸግረው። ጋይጋክስ አስማቱን የቀዳው ከደራሲው ጃክ ቫንስ ነው። ቫንስ በ1950 ባሳተመው "ዘ ዳይንግ ኧርዝ" ውስጥ አስማተኞች ድግምታቸውን አጥንተው በአእምሯቸው ይይዛሉ፤ አንዴ ሲደግሙት ይጠፋል። ለጨዋታ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሎተሪ ነው። ተጫዋቹ ገና ከሰፈሩ ሳይነሣ "ዛሬ ምን ይገጥመን ይሆን?" ብሎ ይጠይቃል። ተዋጊው ጨርሶ የማያነሣው ጥያቄ ነው። የሚያስተኛውን ድግምት ያጠና ሰው ቋንቋ የሚያስተረጉመውን ትቷል፤ ከሰዓት በኋላ ባዕድ ጽሑፍ ፊት ቆሞ ይቆጫል።

ግን ያው አስማተኛ በአንደኛ ደረጃ በቀን አንድ ድግምት፣ የሕይወት ነጥቡን ለመወሰንም አንድ ዳይስ ብቻ ነበረው። አንድ አይጥ ሊገድለው ይችላል። አምስተኛ ደረጃ ሲደርስ የእሳት ኳስ ይወረውራል፤ ጉዳቱ የደረጃውን ያህል ዳይስ ነው፣ አምስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ ያውም እሳቱ መሐል ለተገኘው ጠላት ሁሉ። አሥረኛ ላይ አሥር ዳይስ። ተዋጊው በደረጃ ብዛት ይደመራል፤ አስማተኛው ይባዛል። የመጀመሪያዎቹ ነዳፊዎች ይህን አላጡትም። መድኃኒታቸው ጊዜ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ ሌባው 1,200 የልምድ ነጥብ ሲበቃው ካህኑ 1,500፣ ተዋጊው 2,000፣ አስማተኛው 2,500 ያስፈልገው ነበር። ደካማውን ወቅት በሕይወት የተሻገረ ይገባዋል የሚል ፍርድ ነው። በየሳምንቱ እየተገናኙ፣ ገጸ ባሕርያት እንደ ቅጠል እየረገፉ ለዓመታት ለሚጫወቱ ሰዎች ይሠራል። በወር አንዴ ለሚገናኙና የሚወዱት ገጸ ባሕርይ እንዲሞትባቸው ለማይፈልጉ አይሠራም። ጆናታን ትዊት፣ ሞንቴ ኩክና ስኪፕ ዊሊያምስ በ2000 ያወጡት ሦስተኛው እትም የልምድ ነጥቡን ለሁሉም መደብ እኩል አደረገ፤ የአስማተኛውንም ሸክም በብዙ መንገድ አቀለለ። ውጤቱ ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ቀልድ ሆነ፤ የድሩይዷ (የተፈጥሮ አስማተኛዋ) ተከታይ እንስሳ ብቻዋን የተዋጊውን ሥራ ትሠራለች ይሉ ነበር። የዱር እንስሳ ከመሪ ገጸ ባሕርይ ጋር የሚወዳደርበት ጨዋታ ላይ ተዋጊ ሆኖ መቀመጥ ያሳፍራል።

አራተኛው እትም በ2008 ሲመጣ ለዚህ ቁስል የተቀመመ መድኃኒት ነበር። ሮብ ሃይንሱና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን መደብ ከአራት ሚናዎች በአንዱ ሥር አደረጉት፤ ተከላካይ፣ አጥቂ፣ መሪ፣ ተቆጣጣሪ። ለሁሉም መደብ ችሎታው በአንድ ዓይነት ቅርጽ ተሰጠ። አንዳንዱ ሁልጊዜ ይሠራል፣ አንዳንዱ በአንድ ፍልሚያ አንዴ፣ አንዳንዱ በቀን አንዴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋጊው የራሱ እውነተኛ ጥያቄ አገኘ። የመታው ጠላት "ምልክት" ይደረግበታል። ጠላቱ ተዋጊውን ትቶ ሌላ ሰው ሊመታ ቢሞክር ዳይሱ ላይ ሁለት ይቀነስበታል፣ ተዋጊውም ከጎኑ ካለ ይመታዋል። ስለዚህ ተዋጊው "ማንን ልምታ?" ማለቱን ትቶ "ከጓደኞቼ መሐል ማን ላይ ሊዞሩ ይችላሉ?" ማለት ጀመረ። ዋርሎርድ የሚባል ሌላ መደብ ደግሞ ያለ አንዳች አስማት፣ በጩኸትና በትእዛዝ ብቻ የወደቁትን ያስነሣ ነበር።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ተወቀሰ? "ሁሉም መደብ አንድ ነው" ተባለ። እኔ ወቀሳው ግማሹ ብቻ ትክክል ነው እላለሁ። ተቀምጦ የተጫወተው ሰው ልዩነቱን ያየዋል። መጽሐፉን ብቻ የገለጠ ሰው ግን ከገጽ ገጽ አንድ ዓይነት ሣጥን፣ አንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ያው በቀን አንዴ፣ ያው በፍልሚያ አንዴ ነው የሚያየው። አስማተኛው ድግምቱን የሚያጠፋበት ሥርዓትና ተዋጊው ሰይፉን የሚያነሣበት ሥርዓት አንድ ከሆነ፣ አንዱ ቀኑን ሲያሰላ ሌላው ስለ ቀኑ ግድ የሌለው መሆኑ ይቀራል። እኩልነቱ የተገኘው የድካም ዓይነትን አንድ በማድረግ ነው። አሳታሚዎቹ ራሳቸው በ2010 ባወጡት ቀለል ያለ ተከታታይ ውስጥ በቀን አንዴ የሚሠራ ችሎታ የሌለው ተዋጊ መልሰው አመጡ።

አምስተኛው እትም በ2014 ሲወጣ አሥራ ሁለት መደብ ነበረው። ሁሉንም አንድ በአንድ ማየት አያስፈልግም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ባይኖሩ የሚናፍቃቸው ብዙ ሰው አይመስለኝም። ሁለቱን ግን ጠጋ ብለን እንያቸው፤ ሮግ (የድሮው ሌባ) እና ባርቤሪያን። የሁለቱም ሥራ ጠላትን ክፉኛ መምታት ነው።

ድልድይ ላይ አንድ ግዙፍ ጭራቅ ቆሟል እንበል። ሮጓ ቀስት ይዛ ከኋላ ናት። ደንቧ እንዲህ ይላል። በየተራዋ አንድ ጊዜ፣ ጠላት ካላሰበበት አቅጣጫ ስትመታ ተጨማሪ ዳይስ ትጥላለች፤ በአንደኛ ደረጃ አንድ፣ በአምስተኛ ሦስት፣ እያደገ እስከ አሥር። ይህን ለማግኘት ግን ከሁለት አንዱ መሟላት አለበት። ወይ የሆነ ብልጫ ማግኘት አለባት፣ ለምሳሌ ተደብቃ መተኮስ፤ ወይ ደግሞ ከጠላቱ በ5 ጫማ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ሌላ የሚዋጋው ወዳጅ መኖር አለበት። ጭራቁ ድልድዩ ላይ ብቻውን ነው። ስለዚህ የሮጓ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጭራቁ አይደለም። "አጠገቡ ማን አለ?" ትላለች። ማንም። ወደ ባርቤሪያኗ ትዞራለች፤ "እባክሽ አንቺ ቅደሚ።"

ባርቤሪያኗ ልመና አያሻትም። ቁጣዋን ስትቀሰቅስ ከሰይፍም ከዱላም የሚደርስባት ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል። ግን በአንደኛ ደረጃ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምትቆጣው፤ በቁጣ ላይ ሳለች ድግምት የለም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠላትን ለመምታት ሳትሞክር፣ ራሷም ሳትቆስል ተራዋ ካለፈ ቁጣው ይበርዳል። መቆም አትችልም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ "በግዴለሽነት" ልትመታ ትችላለች፤ ዳይሱን ሁለቴ ጥላ የተሻለውን ትወስዳለች፤ እስከሚቀጥለው ተራዋ ድረስ ግን የሚመቷት ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ። እና የእሷ ጥያቄ "ስንት የሕይወት ነጥብ ቀረኝ? ልክፈለው?" ነው። ሮጓ የሰው ቦታ ታሰላለች፤ ባርቤሪያኗ የራሷን ሥጋ። ዳይሱ ላይ የሚወጣው ጉዳት ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ተጫዋቾች ምሽት ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ አንዷ የሌላዋን ሥራ ማቃለሏ ነው፤ ባርቤሪያኗ ጠላት አጠገብ መሆን አለባት፣ ሮጓ ጠላት አጠገብ ሰው ያስፈልጋታል። ይህን የጻፈ ሰው ሁለት መደብ ብቻ አልጻፈም፤ በመካከላቸው ያለውን ወዳጅነትም ጽፏል።

በዚያው እትም ዋርሎክ የሚባለው መደብ ሌላ ዓይነት ብልሃት አለው። ከአንድ ኃያል ፍጡር ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ አስማት የተቀበለ ሰው ነው። እስከ አሥረኛ ደረጃ ድረስ በእጁ ያለው የድግምት ዕድል ቢበዛ ሁለት ነው፤ ግን የአንድ ሰዓት ዕረፍት ይመልስለታል። አስማተኛው ሌሊቱን ሙሉ መተኛት አለበት። ውጤቱ ጠረጴዛው ላይ ይሰማል። ከእያንዳንዱ ፍልሚያ በኋላ ዋርሎኩ "ትንሽ እንረፍ" ይላል፤ ሌሎቹ "አሁን ነው መሄድ" ይላሉ። መደቡ ከፍልሚያው ወጥቶ የቡድኑ ሰዓት ውስጥ ገብቷል።

የከሸፈም አለ። በ2014ቱ መጽሐፍ ሬንጀር፣ የበረሐና የጫካ ሰው፣ "ተፈጥሯዊ አሳሽ" የሚል ችሎታ ተሰጠው። በለመደው ዓይነት መልክዐ ምድር ሲጓዝ ቡድኑ መንገድ አይጠፋበትም፤ አስቸጋሪ መሬት አያዘገየውም፤ ምግብ ሲፈልግ እጥፍ ያገኛል። ሲነበብ ስጦታ ይመስላል። ሬንጀር የሚመርጥ ሰው ግን ጫካ ውስጥ መጫወት የሚፈልግ ሰው ነው። ጫካው ሲመጣ ጨዋታ መሪው "መንገዱ ጠፋባችሁ…" ብሎ ይጀምርና ያስታውሳል። "አይ፣ ሬንጀር አላችሁ። ደረሳችሁ።" ተጫዋቹ የመጣበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ለምን ቅር እንዳሰኘ ብዙ ተባለ፤ ብዙዎች ጉልበት አነሰው አሉ። ጉልበትማ ነበረው። ያጣው ጥያቄ ነው። ችሎታው ችግሩን አጠፋው እንጂ ለችግሩ አዲስ መያዣ አልሰጠውም። አሳታሚው በ2016 የተሻሻለ የሙከራ ረቂቅ አወጣ፤ በ2020 ደግሞ በሌላ መጽሐፍ ይህንኑ ችሎታ የሚተካ አማራጭ ጨመረ። "ዱካውን አየሁ፤ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ያነክሳል፤ በአቋራጩ ብንሄድ እንቀድማቸዋለን፣ ግን ውኃ የለም" የሚያሰኝ ደንብ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ።

ሌሎች ጨዋታዎች ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሌላ መውጫ ፈልገዋል። በ1978 የወጣው "ሩንክዌስት" መደብን ጨርሶ ተወው፤ ሰው የተለማመደውን ይችላል፣ አለቀ። ትዊት ከማርክ ራይን ሃገን ጋር በ1987 ያወጣው "አርስ ማጂካ" እኩልነት የሚባለውን ነገር በግልጽ ትቶታል። አስማተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ተጫዋች አንድ አስማተኛ፣ አንድ ረዳት ሰው፣ በጋራ ደግሞ ጭፍሮች ይኖሩታል፤ እንደ ምሽቱ ይቀያየራሉ። ጆን ሃርፐር "ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ" ላይ (2017) ልዩነቱን ከችሎታ ወደ ሽልማት አዛወረው። "ከተር" የሚባለው ልምድ የሚያገኘው ችግርን በጉልበት ወይም በማስፈራራት ሲፈታ ነው፤ "ለርክ" ተሰውሮ ሲያመልጥ፤ "ስላይድ" በማታለል ወይም በማግባባት። ሁሉም ሁሉንም መሞከር ይችላል፣ ማንም አይከለከልም። የሌባው የ1975 ጣጣ እዚህ ላይ በሌላ በር ተፈታ ማለት ይቻላል። ሲጫወቱት ደግሞ ያስቃል፤ በዝምታ ሊታለፍ የሚችል ዘበኛ ፊት ከተሩ ዱላውን ሲያነሣ ለርኩ ራሱን ይይዛል።

አሁን አንድ መደብ አብረን እንንደፍ፤ ለእኛ ጠረጴዛ የሚሆን። የ2014ቱ አምስተኛ እትም ባርድ ዘፋኝ ነው። በሙዚቃው ለአንድ ጓደኛው ዳይስ ይሰጣል፤ ጓደኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲያስፈልገው ይጨምረዋል። ማሲንቆ አስይዘን "አዝማሪ" ብንለው መደብ ፈጠርን? ስም ለወጥን እንጂ አልፈጠርንም። ጥያቄው ያው "ለማን ልስጥ?" ነው።

አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን የነገሩ አቅጣጫ ሌላ መሆኑን ያውቃል። እንግዳው "ተቀበል!" ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ፣ አዙሮ፣ ሰሙን ለሁሉ ወርቁን ለሚገባው አድርጎ ይመልሰዋል። የወደደው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። እንግዲህ የእኛ አዝማሪ የሚሰጥ ሳይሆን የሚቀበል ይሁን። የራሱ ኃይል የለውም። ጓደኛው አንድ ስንኝ ይወረውርለታል፤ ከስንኙ ጋር ከራሱ የሆነ ነገር ይሸልመዋል፤ አንድ የሕይወት ነጥብ፣ አንድ ያልተጠቀመበት ድግምት፣ አንድ ወርቅ። አዝማሪው ያንን ተቀብሎ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ወዳጁን ያወድሳል፣ የሸለመው እጥፍ ሆኖ ለተወደሰው ይደርሳል፤ ወይ ጠላትን ይሰድባል፣ ጠላት ሁሉን ትቶ ወደ አዝማሪው ይዞራል። ክልከላውም ግልጽ ነው፤ ራሱን ማወደስ አይችልም፤ የአንድ ሰው ስንኝ በአንድ ፍልሚያ ሁለት ጊዜ አይቀበልም።

ጥያቄውን እንስማ። ሦስት ጓደኞች በአንድ ጊዜ "ተቀበል!" ይላሉ። የቆሰለው ያለችውን ነጥብ ይዞ ይለምናል፤ ባለጸጋው ወርቅ ያሳያል። አዝማሪው "የማንን ልቀበል? ማንንስ ላስከፋ?" ይላል። ባርዱ እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ እንግዲህ መደቡ የራሱ ጥያቄ አለው። ብቻውን ክፍል ውስጥ ቢቆለፍበት ምንም ማድረግ አለመቻሉ ጉድለት መስሎ ሊታየን ይችላል፤ እኔ ግን አልነካውም፣ አዝማሪ ያለ ታዳሚ ምን ያደርጋል?

የማይካድ አንድ ችግር ግን አለ፤ ዝምተኛው ተጫዋች። ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ ስንኝ መወርወር የሚያፍር ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ይህ ደንብ እሱን ሳናውቀው ይቀጣዋል። ስንኙ ቤት መምታት አለበት የሚለውን ብንተወው፣ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ቢበቃ፣ ትንሽ ይቀላል። የበለጠ የሚሻለው ግን ጠላት ከአፉ ያወጣውን ቃልም አዝማሪው መቀበል ይችላል ማለት ነው፤ ሽልማት የለውም፣ መስደብ ብቻ ነው የሚቻለው። ያኔ የጭራቁን ፉከራ ሲያዳምጥ የሚውለው አዝማሪው ነው፤ ጨዋታ መሪውም ጭራቁን ከማናገሩ በፊት ሁለቴ ማሰብ ይጀምራል።